የጳጉሜን ስድስት ጓደኛ

በጎንደር ከተማ፣ በሳሙና በር ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥለው የሚያውቁት አቶ በላቸው ነበሩ። የሰፈሩ እድር ጡሩንባ ነፊ ሆነው ከጎልማሳነት እስከ እርጅና አገልግለዋል። ጎሕ ሳይቀድ በራቸው ሲመታ ከአልጋቸው ሳይነሡ "ማን ነው?" ይላሉ። በሩን የሚመታው ሰውም የተጠየቀው የራሱን ስም እንዳልሆነ ያውቃልና የሟቹን ስም ይናገራል።

ሥራቸውን በሥርዓት ይዘውት ነበር። ጡሩንባውን ከመንፋታቸው በፊት የልብ ሕመም ወዳለበት ሰው፣ ወሯ ወደ ገባ ነፍሰ ጡር፣ ከሟቹ ጋር በቅርብ ይዋደድ ወደ ነበረ ሽማግሌ ቤት እየሄዱ በዝግታ ያንኳኩና "ልነፋ ነው፤ እንዳትደነግጡ" ብለው ያስጠነቅቃሉ። ከዚያ በኋላ ወደ መንገዱ ወጥተው አንድ ጊዜ ይነፋሉ። የሰፈሩ ውሾች ጮኸው እስኪጨርሱም ቆመው ይጠብቃሉ፤ ውሻ እየጮኸ የሰው ስም አይጠራም የሚል እምነት ነበራቸው። ጸጥ ሲል የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራሉ። "ሞተ" የሚለውን ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም፤ ሟቹ ሰካራም ቢሆን፣ ጎረቤት የጠላው ተሳዳቢም ቢሆን "ዐረፈ" ነበር የሚሉት።

የተወለዱት ከከተማው በስተ ሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ላይ በምትገኘው በኮሶዬ ነው። በዚያ አገር ሰው ከገደል ማዶ ካለው ጎረቤቱ ጋር የሚነጋገረው በጩኸት ስለሆነ ድምፃቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሩቅ መድረስ የለመደ ነበር። ወጣት ሳሉ ወደ ጎንደር ወርደው በአውቶቡስ መናኸሪያ ተጓዥ ጠሪ ሆኑ። "ዳባት፣ ደባርቅ፣ ዛሪማ" እያሉ ሲጣሩ ከበሩ ውጭ ጫማ የሚያስጠርገው መንገደኛ ሳይቀር እግሩን አንሥቶ ይሮጥ ነበር ይባላል። እድሩ ጡሩንባ ነፊ ባጣ ጊዜ ሰፈሩ ሌላ ሰው ለመፈለግ አልደከመም። ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ለሁለት ተከፈለ። ማለዳ ስለ ሙታን ይጣራሉ፤ ከረፋድ በኋላ ስለ ተጓዦች። የመናኸሪያ ባልንጀሮቻቸው በዚህ ይቀልዱባቸው ነበር።

"አያ በላቸው፣ ዛሬ የምትጠራው ለየትኛው ማኪና ነው? ለደባርቁ ነው ወይስ ለማይመለሰው?"

"ለማይመለሰውም ቢሆን አንተ ወንበር ሳትይዝ አትቀርም፤ ግፊያ ትወዳለህ" ብለው ይመልሱ ነበር።

በዚያው ሰፈር መምህር እንዳልካቸው የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ አሉ። እድሩ ሰው በቀበረ ቁጥር የሟቹን የሕይወት ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚያነቡት እርሳቸው ናቸው። መምህሩ ከሌላ ሰፈር አንባቢ የሚለዩበት አንድ ልማድ አላቸው። የሟቹን የትውልድ ቦታና ሥራ ከመናገራቸው በፊት፣ በሌላ ዘመን በዚያው ዕለት ያረፈ አንድ ስመ ጥር ሰው ይጠራሉ። በርበሬ ስትሸጥ የኖረች ሴት ሚያዝያ ስድስት ቀን ብትሞት፣ "በዚህ ዕለት፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ዐረፉ፤ በዚሁ ዕለት እኅታችን ዐረፈች" ብለው ይጀምራሉ። ሸማኔው አቶ አምባቸው ጥር ሃያ አንድ ቀን በሞቱ ጊዜ፣ ዕለቱ የእመቤታችን የዕረፍት በዓል መሆኑን የማያውቅ ቀባሪ አልነበረም። መምህሩ ግን በዚያው ዕለት፣ በ1940 ዓ.ም.፣ የሕንዱ መሪ ማኅተመ ጋንዲ መገደላቸውን ጨምረው ተናገሩ፤ ያም ታላቅ ሰው በገዛ እጃቸው ፈትል ይፈትሉ እንደነበር አስረዱ። የሸማኔው ሚስት ከለቅሶዋ መካከል ቀና ብላ፣ "እሳቸውም ፈታይ ነበሩ?" ስትል ጠየቀች። እንደነበሩ ሲነገራት ነጠላዋን አስተካከለች።

ሰፈሩ እነዚህን ስሞች "ጓደኛ" ይላቸው ጀመር። ከቀብር የቀረ ሰው የመጣውን ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው "ጓደኛው ማን ሆነለት?" ብሎ ነው። መምህሩም በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው። በአንድ ምስክር ብቻ የተነገረ ዕለት አይቀበሉም፤ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ጳጉሜን ስድስት የሆነችበትን ዓመት ሳያመሳክሩ አያልፉም። ጓደኛ ፈልጎ ማግኘት እንጂ ጓደኛ መፍጠር የታሪክ አስተማሪ ሥራ አይደለም ይላሉ።

ይህን ልማድ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት በላቸው ነበሩ። በየቀብሩ ከፊት ቆመው ያዳምጣሉ፤ በማግሥቱ መናኸሪያ ሄደው "እትዬ እገሊት ትናንት ከእገሌ ንጉሥ ጋር ሄደች" እያሉ ያወራሉ። አመሻሽ ላይ ከመምህሩ ጋር በአጥር ጥግ ሲቀመጡም ጨዋታቸው ከዚህ አይርቅም ነበር።

"እንዳልካቸው፣ ለእኔ ማንን አስበህልኛል?"

"ቀኑን ንገረኝና ልፈልግ።"

"ቴዎድሮስን እንዳታመጣብኝ። ቁጡ ናቸው፤ መንገዱን ሁሉ ሲገሥጹኝ ሊሄዱ ነው።"

"ምኒልክስ?"

"የምኒልክ ግብር ሸጋ ነበር ይላሉ። ታኅሣሥ ሦስት ነው አይደል? ታኅሣሥ ግን ምድሩ ይደርቃል፤ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ይረግሙኛል።"

"እንግዲያው ቀኑን አንተ ምረጥ፤ ጓደኛውን እኔ አመጣለሁ።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው" አሉ መምህሩ።

ይህ ቃል ለበላቸው ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሚስታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ ያረፉት ነሐሴ ሃያ አራት፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዕረፍት ቀን ነበር። ከሞታቸው ጀምሮ እህል ያልቀመሱትና አልጋ ላይ ጎናቸውን ያላሳረፉት በላቸው ከቀብር ሲመለሱ አንድያ ልጃቸውን ዝናሽን ጠርተው፣ "እናትሽ ብቻዋን አልሄደችም፤ መንገድ የሚያውቅ አባት ይዛለች" አሏትና ያን ሌሊት ተኙ። ዝናሽ ያን ጊዜ ተማሪ ነበረች። አሁን በሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ያን ቃል ግን ከልቧ አላወጣችውም።

በላቸው የእድሩን ደንብ የተላለፉት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደንቡ ጡሩንባ የሚነፋው ለእድርተኛና ለተመዘገበ ቤተሰቡ እንደሆነ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን እንደማይነፋ ይደነግጋል። በአንድ ዘመን፣ በክረምት መውጫ፣ አገኘሁሽ የምትባል ወጣት ሴት ሕፃን ልጇ ሞተባት። ትክል ድንጋይ ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣች፣ በኪራይ ክፍል ጠላ እየጠመቀች የምትኖር ነበረች፤ እድር የላት፣ ባል የላት፣ በከተማውም ዘመድ አልነበራት። በላቸው ደጃፏ ላይ ቆመው ጡሩንባውን ነፉ። ውሾቹ ዝም እስኪሉ ጠበቁ። የሕፃኑን ስም ጠርተው "ዐረፈ" አሉ። ሰው በየቤቱ ሥራ በዝቶበት ስለነበር ከጥቂት ሴቶች በቀር የመጣ አልነበረም። ሕፃኑን ታቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱትም እርሳቸው ናቸው።

የጊዜው የእድር ሊቀ መንበር አስጠርቶ፣ "ደንቡን አታውቀውም?" ሲላቸው፣ "እኔ አውቀዋለሁ፤ እሷ ግን አታውቀውም" ብለው መለሱ። በዚህ ምክንያት ጡሩንባው ተነጠቀና ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያም ሰው በመጀመሪያው ማለዳ በሟቹ ፈንታ በሕይወት ያለውን የሟቹን ወንድም ስም ጠራ። ለቀስተኛው እያለቀሰ ሲደርስ በሩን የከፈተው ሟች የተባለው ሰው ራሱ ሆነ። ጡሩንባውም በዚያው ቀን ወደ በላቸው ግድግዳ ተመለሰ። መምህር እንዳልካቸው ያን ጊዜ ደባርቅ ያስተምሩ ስለነበር ይህን ሁሉ ያወቁት በወሬ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት በላቸው ታመው ተኙ። ዝናሽ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አስታመመቻቸው። መምህሩ ሊጠይቋቸው ሲገቡ በሽተኛው ድምፃቸው ሰልሎ ሳለ እንኳ ጨዋታቸውን አልተዉም።

"መስከረም አንድ ማን አለ?"

"ምነው ቸኮልህ? ክረምቱ ይውጣ።"

"ልጠይቅ ብዬ ነው። ጠሪ እንኳ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሳያውቅ አይጣራም።"

መስከረም አንድ ግን አልደረሱም። ያረፉት በዋዜማው፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ዕለቱ ጳጉሜን ስድስት ነበር።

ጳጉሜን ስድስት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ብቻ የምትመጣ ዕለት ናት። በዕንቁጣጣሽ ቀን ከመቅበር በዕለቱ መቅበር ይሻላል ተባለና፣ የኮሶዬ ዘመዶችም በቶሎ ስለሚደርሱ፣ ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት በአበራ ጊዮርጊስ ተወሰነ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዳኛው ጡሩንባውን ከግድግዳው አውርደው ሊነፉ ሞከሩ። የወጣው ድምፅ የፍየል ግልገል ድምፅ ስለነበር መልሰው ሰቀሉትና ለእድርተኛው በስልክ አጭር መልእክት ላኩ፦ "የእድር መልእክት። አቶ በላቸው። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት፣ አበራ ጊዮርጊስ።" ሰፈሩም ያን ስም ሲያይ የሟች ስም ነው ብሎ አላሰበም። አቶ ዳኛው ስልካቸው ጠዋቱን ሙሉ ሲጮህ ዋለ።

"መልእክቱ ደርሶኛል። ማን ዐረፈ ነው የሚሉት አያ በላቸው?"

"ራሳቸው ናቸው።"

"ራሳቸው እንደተናገሩትማ ስማቸውን አይቻለሁ። የተናገሩት ስለ ማን ነው?"

"ራሳቸው ናቸው ያረፉት እኮ ነው የምልህ።"



መምህር እንዳልካቸው ወደ ልቅሶው ቤት ሲደርሱ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። ዝናሽ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የጸና ነበር።

"ጋሼ እንዳልካቸው፣ የአባቴ ጓደኛ ማን ነው?"

"ልፈልግ ነው የምሄድ፣ ልጄ።"

"ቃል ገብተውለታል።"

"ገብቻለሁ" አሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

በመደርደሪያቸው ያሉትን መጻሕፍት በየተራ አወረዱ። ነገሥታቱን፣ ጳጳሳቱን፣ አርበኞቹን፣ የሩቅ አገር ሊቃውንትን ሁሉ መረመሩ። በነሐሴ ያረፈ ብዙ ነው፤ በመስከረምም ብዙ ነው። በጳጉሜን ስድስት ያረፈ ሰው ግን ከያዟቸው መጻሕፍት በአንዱም አልተገኘም። ምናልባት በሌላ ሰው መደርደሪያ ይገኝ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ያላዩትን አይናገሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ የሰፈሩን ንስሐ አባት ቄስ ኃይለ ማርያምን ፍለጋ ወጡ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም በጭቃው መንገድ ላይ አገኟቸው።

"አባታችን፣ የዛሬው ስንክሳር ማንን ያስባል?"

"የዛሬው ንባብ ምስጋና ነው፣ መምህር። ዓመቱን ስላስፈጸመን እግዚአብሔርን የምናመሰግንበት ነው።"

"ያረፈ ጻድቅ፣ ወይም ሰማዕት የለም?"

"በምናነበው መጽሐፍ ስም አልተጠራም። ምነው፣ እግዚአብሔር አይበቃውም?"

"ለበላቸው ይበቃዋል" አሉ መምህሩ። "እኔ ግን ቃል የገባሁት ሰው ላመጣለት ነው። ልጁም የምትጠብቀው ያንን ነው።"

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ። "እንግዲህ ሰው ለማምጣት ካህን ምን ይችላል? ጸሎቱን እናድርስለት" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ድንኳኑ ደጃፍ ላይ አቶ ዳኛው ጠበቋቸው። ነገሩን ሲሰሙ መፍትሔው ቀላል መሰላቸው።

"መምህር፣ ምን ያስቸግርዎታል? የትናንቱን ወይም የነገውን ሰው ይጥሩ። ዋዜማና በዓል አንድ ነው። በዚህ ጭቃ ቆሞ መጽሐፍ የሚገልጥብዎ ማን አለ?"

"ዳኛው፣ ይህ ሰው ስም ሳያሳስት፣ ሰዓት ሳያሳስት ኖሯል። በእሱ ቀብር ላይ ነው እኔ ዕለት የማሳስት?"

"እንግዲያው ኮሶዬ ተወለደ ብለው ይጀምሩ። ሌላው ሰፈር እንደዚያ ነው የሚቀብር፤ የተጎዳ የለም።"

መምህሩ ወደ ድንኳኑ ገብተው ከዝናሽ አጠገብ ተቀመጡና እውነቱን ሳይሸፋፍኑ ነገሯት። ዝናሽ ነጠላዋን እያጣጠፈች ሰማቻቸው። አጣጥፋ ስትጨርስም እንዲህ አለች፦

"አባቴ ሰፈሩን ሁሉ ከየጓደኛው ጋር ሸኝቷል። እናቴን ሸኝቶ ነው እንቅልፍ የወሰደው። እሱ ብቻውን ሊሄድ ነው ማለት ነው።"

 

በዚህ መካከል አገኘሁሽ ገባች። ያቺ ልጇ የሞተባት ወጣት አሁን ጸጉሯ ገብስማ ሆኗል፤ ዛሬም በዚያችው የኪራይ ክፍል ትኖራለች። በእጇ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች፤ ከጨርቁ ሥርም የትኩስ ንፍሮ እንፋሎት ይወጣል። ንፍሮ ለለቀስተኛ የሚቀርበው ከቀብር መልስ ነው። አስከሬኑ ሳይወጣ ንፍሮ ማምጣት የሥርዓት ጉድለት ነውና ሴቶቹ ተያዩ።

"ምነው አገኘሁሽ" አለች አንዷ፣ "ገና አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ?"

"ለእሳቸው የቀቀልኩት አይደለም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

አገኘሁሽ ሳህኑን መሬት ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ አለችና ሳታስቀምጠው ቀረች። "የልጄ ነው" አለች። "ዛሬ ቀኑ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣ። አያ በላቸው ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ይበላሉ፣ 'ነፍስ ይማር' ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ዛሬም ቀቅዬ ጠበቅኋቸው። ታመዋል ብለውኝ ነበር፤ ግን አይቀሩም ብዬ። ጡሩንባ አልሰማሁ፣ ስልክ የለኝ። ላደርስላቸው ይዤው ስመጣ ድንኳኑን አየሁ።"

መምህሩ ከተቀመጡበት ተነሡ።

"አገኘሁሽ፣ ልጅሽ ያረፈው መቼ ነው?"

"ጳጉሜን ስድስት። በሰማንያ ሰባት።"

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰሉ። ሰማንያ ሰባት ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ዕለቲቱም ነበረች። ነገር ግን አንዱን ምስክር ብቻ መቀበል ልማዳቸው አልነበረምና፣ "ይህን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አለ?" ብለው ጠየቁ። በድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ቅር አላቸው። እናት የልጇን ቀን ትረሳለች? አገኘሁሽም የሚያውቁት አያ በላቸው ብቻ እንደነበሩ ልትደግም አፏን ስትከፍት ዝናሽ ቀደመቻት።

"እኔ አውቃለሁ" አለች። "ልጅ ሆኜ፣ በአንድ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አባቴ በኮቱ ኪስ ንፍሮ ይዞልኝ መጣ። ከየት አመጣኸው ስለው 'ከጓደኛዬ ቤት' አለኝ። በሌላም ዓመት እንዲሁ አመጣልኝ። በዓል ሊሆን ሲል ንፍሮ የሚቀቅል ምን ዓይነት ጓደኛ ነው ብዬ እናቴን ጠይቄያታለሁ። የመናኸሪያ ሰው መስሎኝ ነበር።"

 መምህሩ ከደረት ኪሳቸው ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ፤ ወንበራቸውንም ወደ አገኘሁሽ አስጠግተው ለሟች ቤተሰብ ሁሉ የሚያቀርቡትን ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ጀመሩ።

"ስሙ?"

"አስማረ።"

"የክርስትና ስሙ?"

"ወልደ ሚካኤል።"

"የአባቱ ስም?"

አገኘሁሽ መሬት መሬት አየች። መምህሩ ያን ጥያቄ አልደገሙትም። በወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጽፈው ወደሚቀጥለው አለፉ።

"ሥራው..." ብለው ጀመሩና አቆሙ። ከዚያም፣ "ምን ምን ጀምሮ ነበር?" አሉ።

"ሁለት ጥርስ አብቅሎ ነበር። በታች በኩል።" አገኘሁሽ ይህን ስትናገር ጥያቄውን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስትጠብቀው የኖረች ትመስል ነበር። "ደግሞ ጡሩንባ አይፈራም። ሌላው ልጅ ሁሉ ያለቅሳል፤ እሱ ይስቅ ነበር። አያ በላቸው ሲነፉ ይዤው ወደ በር እወጣለሁ፤ እግሩን እየፈራገጠ ይስቃል። አንድ ቀን ቆም ብለው አይተውት 'ይህ ጡሩንባ በዚህ ሰፈር ያሳቀው አንተን ብቻ ነው' አሉት። ለዚያ ነው መሰለኝ የነፉለት።"

መምህሩ ሁሉንም ጻፉ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ አቁሞ ነበር። የአበራ ጊዮርጊስ ቅጥር ረግረግ ቢሆንም ሕዝቡ ሞልቶታል። የኮሶዬ ዘመዶች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ የመናኸሪያ ሾፌሮችና ረዳቶች ሥራቸውን አቋርጠው፣ እድርተኛውም ከነቤተሰቡ መጥቷል። ጸሎተ ፍትሐቱ ሲያበቃ መምህር እንዳልካቸው ወደ ፊት ወጡ። አቶ ዳኛው የትኛውን ንጉሥ እንደሚጠሩ ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ።

"ጳጉሜን ስድስት ቀን፣ በ1987 ዓ.ም.፣ ሕፃን አስማረ አገኘሁሽ በዚህ ሰፈር ዐረፈ" አሉ መምህሩ፣ ነገሥታቱን በሚጠሩበት ድምፅ። "የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። ሁለት ጥርስ አብቅሎ ነበር። ሰው ሁሉ በሚያለቅስበት ድምፅ ይስቅ ነበር። በዚሁ ዕለት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ወንድማችን በላቸው ዐረፈ።"

ከኋላ የቆመ አንድ ሾፌር ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ፣ "አስማረ ማን ነው? ደጃዝማች ነው?" ሲል ጠየቀ።

"ዝም በል፤ ጓደኛቸው ነው" ተባለ።

መምህሩ ቀጥለው የኮሶዬን ልጅነት፣ የመናኸሪያውን ሥራ፣ ለበሽተኛና ለነፍሰ ጡር አስቀድሞ የማንኳኳቱን ልማድ አነበቡ። አቶ ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ዝናሽ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በኋላ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ያለቀሰችውም ልቡ ያረፈለት ሰው እንደሚያለቅስ ነበር። አገኘሁሽ ከሴቶቹ መጨረሻ ቆማ ዕንባ አላወጣችም፤ የልጇ ስም በሕዝብ ፊት ሲነበብ ሰምታ ስለማታውቅ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ትከታተል ነበር። ንባቡ ሲያልቅ አጠገቧ ላለችው ሴት፣ "በታች በኩል የሚለውን አላሉትም፤ ሌላውን ግን አላሳሳቱም" አለች።

ከቀብር መልስ በድንኳኑ አስቀድሞ የተዞረው የአገኘሁሽ ንፍሮ ነበር። በርዷል፤ ሰው ሁሉ ግን ከእርሱ ጀመረ።

አመሻሽ ላይ ለቀስተኛው ሲመናመን ዝናሽ አንድ ሐሳብ አስጨነቃት። በሚመጣው ዓመት፣ ከዚያም በሚቀጥሉት፣ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ ናት። የአባቷ ሙት ዓመት የሚውልበት ዕለት የለም።

"ሙት ዓመቱን በየትኛው ቀን ላድርገው?" ብላ መምህሩን ጠየቀች። መምህሩ ወደ አገኘሁሽ ተመለከቱ፤ ከእርሳቸው ይልቅ የምታውቀው እርሷ ነበረችና።

"ካህናቱ በአምስቱ አድርጊው ይሉሻል፤ አድርጊው" አለች አገኘሁሽ። "የራሱ ቀን ግን ሲመጣ ነው የሚመጣ። መጠበቁን እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺም ትለምጅዋለሽ።"

በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስትመጣ በአገኘሁሽ ክፍል አንድ ድስት ንፍሮ ለሁለት ሟቾች ተቀቀለ። መምህር እንዳልካቸው መጥተው በሉ፤ "ነፍስ ይማር" አሉ፤ ሄዱ። ዝናሽ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ስለነበረች ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ አንድ እፍኝ ንፍሮ በነጭ ጋውኗ ኪስ ይዛ ሄደች። በላቦራቶሪው አብራት የምትሠራው ልጅ ከየት እንዳመጣችው ብትጠይቃት፣ "ከጓደኛችን ቤት" አለቻት።